ለሳቅ የተሰጠ ቤት፦ የኮሎምበሱ ተርበር ሃውስና ማረፊያ የሚሻው የቀልድ ጽሑፍ

በአሜሪካ የኦሃዮ ግዛት ዋና ከተማ በኮሎምበስ፣ በጀፈርሰን ጎዳና ቁጥር 77፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 የተሠራ ባለ ፎቅ መኖሪያ ቤት አለ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ፎቁ ላይ ካሉት መኝታ ክፍሎች በአንደኛው ውስጥ ጠባብ የልብስ ማስቀመጫ ጓዳ አለች። ግድግዳዋ ሥራቸውን ለሕዝብ ሊያነቡ ወደዚያ ቤት የተጋበዙ ጸሐፊዎች ባኖሩት ፊርማ ተሸፍኗል። መኝታ ክፍሉ በአንድ ወቅት የአሜሪካዊው የቀልድ ጸሐፊና ሠዓሊ የጄምስ ተርበር ነበር፤ ቤቱም ዛሬ በስሙ ተርበር ሃውስ ይባላል። ቤተ መዘክርም የሥነ ጽሑፍ ማዕከልም ሆኖ ሲያገለግል፣ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ግን ሰውን የሚያስቅ ጽሑፍ እንደ ማንኛውም ታላቅ ሥነ ጽሑፍ በክብር የሚነበብበት፣ ለልጆች የሚታይበትና የሚሸለምበት ቦታ በመሆኑ ነው።

ማዕከሉ ከ1984 ጀምሮ ለአካባቢው ሕዝብ የሚያዘጋጃቸው መርሐ ግብሮች እንደ እርሻ ሥራ የየራሳቸው ወቅት አላቸው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ በእኛ አገር ዝናሙ ሲበረታ በእነሱ ዘንድ ግን ሙቀቱ በሚያይልበት ጊዜ፣ ታዳሚው ቤቱ አጠገብ ባለው ሣር ላይ ተቀምጦ ራቱን እየበላ ደራሲ ሲያነብ የሚያዳምጥባቸው ምሽቶች ይካሄዳሉ። ብርዱ ሲመጣ ንባቡ ወደ አዳራሽ ይገባል፤ ታዳሚውም ከደራሲው ጋር ጥያቄና መልስ እየተለዋወጠ ያመሻል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ለጽሕፈት ሥልጠና ይሰበሰባሉ፤ ለአዋቂዎችም እንዲሁ ትምህርት ይሰጣል። ማዕከሉ የተመረጡ ጸሐፊዎችን በዚያው ግቢ እያሳደረ የሚያጽፍበት ዘመን የቆየ ልማድም አለው። ኅዳር ሲገባ ቤቱን ያስጠራው የመናፍስት ሌሊት መታሰቢያ ቀን ይደርሳል፤ ታኅሣሥ 8 ደግሞ የተርበር ልደት ነው። የቀልድ መጻሕፍት ሽልማቱም ከነዚህ ሁሉ ጋር ይጨመራል።

የኮሎምበስ ነዋሪ ይህን የቀን መቁጠሪያ ስለለመደው ትኬቱን ቆርጦ ይሄዳል። ጉዳዩን ከሩቅ የምንመለከት ሰዎች ግን ጥያቄ ልናነሳበት ይገባል። ለጸሎት፣ ለትምህርት፣ ለሐዘን ቤት መሥራት የለመደ የሰው ልጅ ለሳቅ ቤት መሥራት ለምን አስፈለገው? በእኔ እምነት መልሱ በቀልድ ጽሑፍ ተፈጥሮና ጽሑፉ በዛሬው ዘመን ባጋጠመው መፈናቀል ውስጥ ይገኛል። የቀልድ ጽሑፍ ረጋ ያለ ጸሐፊና አብሮ የሚስቅ ታዳሚ ይፈልጋል፤ እነዚህን ሁለቱን ያገናኙ የነበሩት የጋዜጣና የመጽሔት ገጾች ደግሞ እየጠበቡ መጥተዋል።

ተርበር በ1894 በዚያችው በኮሎምበስ ተወለደ። በልጅነቱ ወንድሙ በጨዋታ ላይ ሳሉ በወረወረው ቀስት አንድ ዓይኑን አጣ፤ የተረፈችውም ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ ከዳችው። ቤተሰቡ በጀፈርሰን ጎዳናው ቤት በኪራይ የኖረው ከ1913 እስከ 1917 ሲሆን፣ ያን ጊዜ እሱ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ትምህርቱን ግን አልጨረሰም፤ በዘመኑ ግዴታ የነበረውን ወታደራዊ ሥልጠና የዓይኑ ነገር አላስጨርስ ስላለው ሳይመረቅ ቀረ። ዩኒቨርሲቲው ዲግሪውን የሰጠው በ1995 ነው፤ እሱ ከሞተ ከ34 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በከተማው ጋዜጣ በሪፖርተርነት ከሠራ በኋላ ወደ ኒው ዮርክ ሄደ፤ በ1927ም በጸሐፊው ኢ. ቢ. ዋይት አማካይነት ገና ሁለት ዓመት ወደሆነው ወደ ኒው ዮርከር መጽሔት ገባ። በእርሳስ እየሞነጫጨረ የሚጥላቸውን ሥዕሎች ከወለሉና ከቆሻሻ ቅርጫቱ እየለቀመ፣ በቀለም እያደመቀ ለአሳታሚ ያቀረበለትም ይኸው ዋይት ነው። ጥቂት መስመር ብቻ ያላቸው እነዚያ ትልልቅ ውሾችና ግራ የገባቸው ባሎች የተርበር መታወቂያ ሆኑ።

ስሙን ያስጠሩት ጽሑፎቹ አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው፤ በአማርኛ ትክክለኛ ስማቸው «ወግ» ነው። ከሁሉም የሚታወቀው በ1939 ያወጣው፣ ሚስቱን ገበያ እያደረሰ በሐሳቡ ግን የጦር አውሮፕላን አብራሪ፣ ስመ ጥር ሐኪምና ጀግና ስለሚሆነው ስለ ዋልተር ሚቲ የጻፈው ታሪክ ነው። የባለታሪኩ ስም በቀን ሕልም የሚኖር ሰው መጠሪያ ሆኖ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገብቷል። ቤቱን በተመለከተ ግን ዋናው በ1933 የታተመው የወጣትነት ትዝታው ነው፤ ጀፈርሰን ጎዳና በዓለም የታወቀው በዚያ መጽሐፍ ነውና።

በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ታሪኮች አንዱን፣ የመናፍስቱን ሌሊት ታሪክ፣ ጠጋ ብሎ ማየት ቤቱ ምን እንደሚያከብር ያስረዳል። ኅዳር 17 ቀን 1915 ሌሊት ተርበር ገላውን ታጥቦ ሲወጣ፣ ታች ምግብ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ጠረጴዛውን እየዞረ በፍጥነት ሲራመድ ይሰማል። ወንድሙን ኸርማንን ይቀሰቅሰዋል። እርምጃው ደረጃውን ይወጣ ጀመር፤ የሚታይ ሰው ግን የለም። በሩን ዘግተው ሲጮኹ እናታቸው ይነቃሉ፤ ሌባ ገብቷል ብለው ያምናሉ። ስልኩ ያለው ታች ስለሆነ ጫማቸውን አንሥተው በጎረቤት መስኮት ላይ ይወረውራሉ፤ መስታወቱ ይሰበራል፤ ጎረቤትየው ፖሊስ ይጠራል። ፖሊሶቹ በተራቸው የቤቱን በር ሰብረው ይገባሉ። ጣሪያ ሥር ተኝተው የነበሩት አያት ደግሞ የመጡት ከጦር ሜዳ የከዱ ወታደሮች መስለዋቸው ተኩሰው አንዱን ፖሊስ ትከሻውን ያቆስላሉ። ታሪኩ ውስጥ አንድም ሰው ሊያስቅ አያስብም፤ ሁሉም የሚያደርገው ነገር ለራሱ ትክክል ነው። ሳቁ የሚመነጨው ጸሐፊው ያን ሁሉ ትርምስ በተረጋጋ ድምፅ፣ በቅደም ተከተል፣ እንደ ፖሊስ ቃል መቀበያ በመጻፉ ነው። ተርበር ራሱ በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ቀልድ ማለት የስሜት ሁከት በጸጥታ ሲታወስ ነው የሚል ሐሳብ ተናግሮ ነበር። ዛሬ ቤቱን የሚጎበኝ ሰው እርምጃው በተሰማበት ክፍል ውስጥ ይቆማል። ብዙ ቤተ መዘክሮች በገመድ ከሚያጥሩት ክልል በተለየ በዚህ ቤት እንግዳው ወንበሩ ላይ እንዲቀመጥ ይፈቀድለታል። ይህ ቀላል የሚመስል ውሳኔ የማዕከሉን ጠባይ ይገልጻል፤ የቀልድ ጸሐፊን ቤት መቃብር ሳያስመስሉ ማክበር ይቻላል ማለት ነው።

ስለ ቀልድ ጽሑፍ በየትኛውም አገር የሚነገረው ትልቁ ስሕተት በቀላሉ የሚጻፍ ነው የሚለው ይመስለኛል። አንባቢው በቀላሉ ስለሳቀ ጸሐፊውም በቀላሉ የጻፈ ይመስለዋል። ተርበር በ1955 ለፓሪስ ሪቪው መጽሔት በሰጠው ቃለ ምልልስ ስለ አንድ ታሪኩ ሲናገር፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 15 ጊዜ እንደገና እንደጻፈው፣ ረቂቆቹ ሁሉ ቢደመሩ ወደ 240,000 ቃላት እንደሚሆኑ፣ ወደ 2,000 ሰዓት እንደፈጀበትና ያለቀው ሥራ ግን ከ20,000 ቃላት እንደማይበልጥ ገልጿል። የመጀመሪያ ረቂቁን ያነበበች ሚስቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ድርሰት ነው ብላ እንደምትመልስለትም እዚያው ተናግሯል። ይህን ምስክርነት ቀልድ መጻፍ ለሚፈልግ ወጣት ሁሉ ብናገረው ደስ ይለኛል። ከአሥራ ሁለቱ እጅ አሥራ አንዱ ተጥሎ አንዱ እጅ ብቻ ነው የቀረው፤ አንባቢ ያየው ያችን አንዷን እጅ ነው።

ዓይኑ ጨርሶ ከደከመ በኋላ ደግሞ ሙሉ ጽሑፍ በጭንቅላቱ አቀናብሮ በቃሉ ለጸሐፊው ያስጽፍ ነበር። ግብዣ ላይ ተቀምጦ ዝም ሲል ሚስቱ መጥታ «ተርበር፣ መጻፍህን ተው» ትለው እንደነበር አጫውቷል። ይህን ስሰማ የሚታወሰኝ የቅኔ ቤታችን ሥርዓት ነው። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ከጓደኞቹ ተለይቶ ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል፤ በነገራ ሰዓት በመምህሩ ፊት ቆሞ በቃሉ ያቀርባል፤ ስሕተት ካለ ይታረማል፣ ከሠመረለት «ይበል» ይባላል። በቃል ያልተፈተነ ቅኔ ቅኔ አይባልም። የቀልድ ጽሑፍም በዚህ በኩል የቅኔ ዘመድ ነው፤ አንዲት ቃል ቦታዋን ብትለቅ ይከሽፋል፤ መሠመሩም የሚታወቀው ሰው ፊት ሲነበብ ነው።

የተርበር ሃውስን የንባብ ምሽቶች ጥቅም የምረዳው ከዚህ ተነሥቼ ነው። አሳዛኝ ልብ ወለድ የሚጽፍ ደራሲ አንባቢው በየቤቱ ብቻውን ሆኖ ቢያነብለት ብዙ አይጎድልበትም። የቀልድ ጸሐፊ ግን በሕዝብ ፊት ሲያነብ ወዲያው ፍርዱን ይሰማል። ይስቃሉ ብሎ የጠበቀበት ቦታ ጸጥ ካለ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል ማለት ነው፤ ባልጠበቀው ቦታ ከሳቁ ደግሞ እሱ ያላወቀው ነገር ጽሑፉ ውስጥ አለ። ታዳሚውም ቢሆን ጎን ለጎን ሲቀመጥ የሚስቀው ሌላ ነው፤ ብቻውን ሲያነብ ፈገግ ባለበት ቦታ ከሰው ጋር ሲሆን ከልቡ ይስቃል። ሣር ላይ እየበሉ ማዳመጡም መዝናኛ ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚጫወተው ሲበላ ነው፤ ይህን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

የልጆቹ ሥልጠና የተለየ ትኩረት ይገባዋል። ተርበር ለልጆችም ይጽፍ ነበር፤ በ1943 የወጣው ጨረቃን ስለተመኘች ልዕልት የሚናገረው መጽሐፉ ሥዕላዊ አድርጎ ላቀረበው ሠዓሊ በማግስቱ ዓመት ታዋቂውን የካልዴኮት ሜዳልያ አስገኝቷል። ልጅ በተፈጥሮው ቀልደኛ ነው፤ ትምህርት ቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተምረው ቀልዱን ከድርሰቱ እንዲያወጣ ነው። የሚያስቀውን ነገር ይዞ እንዲመጣና ደጋግሞ እንዲጽፈው የሚያበረታታ ቦታ ሲያገኝ፣ ቋንቋ የእሱ መሆኑን ያኔ ያውቃል። ከሁሉም መርሐ ግብሮች ዘላቂ ውጤት ያለው ይህኛው ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1997 የተጀመረው የተርበር ሽልማት ለአሜሪካ የቀልድ መጻሕፍት የሚሰጥ ሲሆን፣ ለአሸናፊው 5,000 ዶላር ያስገኝ ነበር። ገንዘቡ ከትልልቆቹ የሥነ ጽሑፍ ሽልማቶች ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ትልልቆቹ ሽልማቶች የቀልድ መጽሐፍን ዘወር ብለው የማያዩት በመሆኑ ዋጋው ከገንዘቡ ይበልጣል። የመጀመሪያው አሸናፊ ኢያን ፍሬዚየር ነበር፤ በ2001 ዴቪድ ሴዳሪስ፣ በ2005 ጆን ስቱዋርትና ባልደረቦቹ አሸንፈዋል። ሳይጠቀስ የማይታለፍ ጉድለትም አለ። ሽልማቱ ሴት ጸሐፊ ለመጀመሪያ ጊዜ የሸለመው ከተጀመረ ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ2015 ሲሆን አሸናፊዋ ጁሊ ሹማከር ነበረች። በዚያ ዓመት ለመጨረሻው ዙር የቀረቡት ሦስቱም ሴቶች ነበሩ። ሴቶች ከዚያ በፊት የሚያስቅ መጽሐፍ አልጻፉም ብሎ የሚያምን ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ዳኞች ያላዩት ነገር ነበረ ማለት ነው።

ለአፍሪካዊ አንባቢ የ2017ቱ ሽልማት ልዩ ትርጉም አለው። የተሸለመው ኮሜዲያኑ ትሬቨር ኖዋ ስለ ደቡብ አፍሪካ ልጅነቱ የጻፈው መጽሐፍ ነበር። እናቱ ጥቁር፣ አባቱ ነጭ ስዊዘርላንዳዊ ናቸው፤ በአፓርታይድ ሕግ የሁለቱ ግንኙነት ወንጀል ስለነበር የልጁ መወለድ ራሱ የወንጀሉ ማስረጃ ሆነ። የተወለደው በ1984 ነው፤ ተርበር ሃውስ በሩን ለሕዝብ በከፈተበት ዓመት። እናት በአደባባይ የልጇን እጅ መያዝ የማትችልበትን ሕይወት በሳቅ መናገር የሚቻል መሆኑን መጽሐፉ አሳይቷል። በ2020 ደግሞ ዴመን ያንግ በአሜሪካ ጥቁር ሆኖ መኖር ስለሚያስከትለው ጭንቀት በጻፈው መጽሐፍ ተሸልሟል። እነዚህ ሁለት ሽልማቶች ከተርበር የራሱ ሥራዎች ጋር ጎን ለጎን ሊታዩ ይገባል። ምክንያቱም ተርበር በአንዳንድ ጽሑፎቹ የጥቁር የቤት ሠራተኞችን አነጋገር መሳቂያ አድርጓል፤ ሴቶችንም ባሎቻቸውን የሚያስጨንቁ አድርጎ ደጋግሞ ሥሏል። ቀልድ ከሌሎች ጽሑፎች ፈጥኖ ያረጃል፤ ማን በማን ላይ እንደሳቀ ዘመን ሲያልፍ ቁልጭ ብሎ ይታያልና። በስሙ የቆመው ቤት እሱ ያልሰማቸውን ድምፆች መሸለሙ ከሁሉ የተሻለ እርማት ነው።

አሁን ወዳለንበት ጊዜ እንምጣ። በሐምሌ 2023 ማክላቺ የተባለው የጋዜጦች ኩባንያ የፑሊትዘር ሽልማት ያገኙ ሦስት ካርቱኒስቶችን በአንድ ቀን አሰናበተ። በሐምሌ 2025 ሲቢኤስ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ የኮሜዲያኑን የስቲቨን ኮልቤርን የሌሊት ዝግጅት በግንቦት 2026 እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ምክንያቱ ገንዘብ መሆኑን ቢገልጽም ብዙዎች ከፖለቲካ ጋር አያያዙት። በመስከረም 2025 ሌላው ጣቢያ ኤቢሲ የኮሜዲያኑን የጂሚ ኪሜልን ዝግጅት በንግግሩ ምክንያት አግዶ ከጥቂት ቀናት በኋላ መለሰው። በዚያው ዓመት ግንቦት ናሽናል ኢንዳውመንት ፎር ዘ አርትስ የተባለው የፌዴራል የኪነ ጥበብ ድጋፍ ተቋም ለበርካታ የኪነ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ ድርጅቶች ሰጥቶት የነበረውን ድጋፍ እንደሰረዘ በደብዳቤ አሳወቀ። እነዚህ የተለያዩ ክስተቶች ናቸው፤ የየራሳቸውም ምክንያት አላቸው። በቀልድ ጸሐፊ በኩል ሲታዩ ግን አንድ ውጤት አላቸው፤ ቋሚ ደመወዝ፣ ቋሚ ገጽና ቋሚ ሰዓት የነበረው ሥራ በረንዳ ላይ እያደረ ነው።

ቦታውን የወሰደው በስልክ የሚታየው አጭር ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው የራሱ ጥበብ አለው፤ እኔም እያየሁ እስቃለሁ። ነገር ግን 15 ጊዜ እየተጻፈ የሚሠራ ዓረፍተ ነገር በዚያ ፍጥነት ውስጥ አያድግም። አጭር ቪዲዮ የሚለካው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ነው፤ ወግ ግን አንባቢውን በቀስታ አስገብቶ በመጨረሻ ነው የሚይዘው። ለዚህ ነው 40 ወይም 60 ደቂቃ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ታዳሚ በየወቅቱ የሚሰበስብ ቤት ከመቼውም ይልቅ ዛሬ የሚያስፈልገው።

ስለ ፍርሃትም መነገር አለበት። በ1951 የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በግቢው ንግግር የሚያደርጉ እንግዶች አስቀድመው እንዲመረመሩ የሚያዝዝ ደንብ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ለተርበር የክብር ዲግሪ ሊሰጠው ሲጠይቀው ተርበር በደንቡ ምክንያት አልቀበልም አለ። ዲግሪ ያላገኘበት ትምህርት ቤት መሆኑን ስናስታውስ እምቢታው ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለው መገመት ይቻላል። በዚያ ዘመን፣ ሰው ሁሉ በኮሚኒስትነት እየተጠረጠረ በሚመረመርበት ወቅት፣ የአሜሪካ ቀልድ እየደከመ መምጣቱን አብዝቶ ይናገር ነበር። የፈራ ሰው ይስቅ ይሆናል፤ ሳቁን በስሙ ፈርሞ ለማተም ግን አይደፍርም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ቴአትር ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በእንስሳት ተመስሎ ሹማምንቱን የነቀፉበት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነበር፤ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ታየና ታገደ። የቴአትራችን ታሪክ በሳቅ ጀምሮ በእገዳ ለዓመታት ቆመ ማለት ነው። ቋንቋችን ግን በዚህ በኩል ሀብታም ነው፤ ቀልድ፣ ጨዋታ፣ ፌዝ፣ ተረብ፣ ሽሙጥ፣ ምጸት፣ ስላቅ፣ ቧልት እያለ የሳቁን ዓይነትና መጠን ይለያል። የአለቃ ገብረ ሃና ጨዋታዎች ከመቶ ዓመት በላይ በቃል ሲወርዱ ኖረዋል፤ የማን እንደሆኑ ያልታወቁ ብዙ ቀልዶችም በእሳቸው ስም ተጠግተው ይነገራሉ። መንግሥቱ ለማ የአባቶችን ጨዋታ ሰብስበው በመጽሐፍ ባያኖሩት ኖሮ ምን ያህሉ በቀረ ነበር! ስማቸው በኮሜዲ ተውኔቶቻቸውም ይነሣል። መስፍን ሀብተማርያም «የቡና ቤት ስዕሎችና ሌሎችም ወጎች» በተባለው መጽሐፉ ወግን በአማርኛ ራሱን የቻለ የጽሑፍ ዘርፍ አድርጎ አሳየ። በአዲስ አድማስ ጋዜጣ የኤፍሬም እንዳለ «እንጨዋወት» ዓምድ አንባቢ ጋዜጣውን ከዚያ ገጽ እንዲጀምር አድርጓል። በዕውቀቱ ስዩም ደግሞ በግጥምና በወግ አዲስ አንባቢ አፍርቷል።

ጸሐፊም ታዳሚም እያለን የጎደለን ሁለቱን በየወቅቱ የሚያገናኝ የቀን መቁጠሪያ ነው። በአዲስ አበባ የግጥም ምሽቶችና የመጽሐፍ ውይይቶች ሥር ሰድደዋል፤ በወመዘክር አዳራሽ የሚካሄዱት ውይይቶች አንባቢውን ለምደውታል። በነዚህ መድረኮች ወግ ሲነበብ ግን ብዙውን ጊዜ በግጥሞች መካከል ማረፊያ ሆኖ ነው፤ ታዳሚው ስቆ ወደ «ቁም ነገሩ» ይመለሳል። ወግ ራሱ ቁም ነገር ሆኖ የሚመሽበት፣ ጸሐፊው ስለ አሠራሩ የሚጠየቅበት፣ ዓመቱ ሲያልቅም የተሻለው ሥራ የሚሸለምበት ልማድ ገና አልተተከለም። ተርበር ሃውስ የሚያስተምረን ይህን ለመጀመር ትልቅ ሕንፃ የማያስፈልግ መሆኑን ነው። ቤቱ አንድ ቤተሰብ ለጥቂት ዓመታት የተከራየው መኖሪያ ነበር።

በኮሎምበስ ራሷ ቁጥሩ ቀላል ያልሆነ የኢትዮጵያውያንና የትውልደ ኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ይኖራል። ልጆቻቸው በዚያ ከተማ ትምህርት ቤቶች ይማራሉ፤ ተርበር ሃውስም ከቤታቸው በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው። በነዚህ ቤቶች ውስጥ አማርኛ የሚያንሰው በጨዋታው በኩል መሆኑን ወላጆች ራሳቸው ይናገራሉ፤ ልጁ ትእዛዙን ይሰማል፣ ቀልዱን ግን አይሰማም፤ አያቱ ሲስቁ ምን እንዳሳቃቸው ያልፈዋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ሊሞከር የሚገባው ዝግጅት ከልጆቹ ቢጀምር እመርጣለሁ። በኮሎምበስም ይሁን በዋሽንግተን፣ በማኅበር አዳራሽ ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆች ከአያቶቻቸው ጋር ይቀመጡ፤ እያንዳንዱ ልጅ ከአያቱ አንድ የሚያስቅ እውነተኛ ታሪክ ይስማ፤ በሚችለው አማርኛ አንድ ገጽ ይጻፈው፤ ከዚያ ቡናው ሲቀርብ ቆሞ ያንብበው። አያቱ «እኔ እንዲህ አላልኩም፤ በቅሎዋ መጀመሪያ ዞር አለችና አየችኝ እንጂ» ብለው ያርሙታል፤ አዳራሹ ይስቃል፤ ልጁም ወንበሩ ላይ ተመልሶ ሁለተኛውን ረቂቅ ይጀምራል።